መቁጠር መመርመር አይደለም

በኢትዮጵያ ላቦራቶሪዎች ከሚታተሙ የደም ውጤቶች ሁሉ ሰውን በቀላሉ የምታስደነግጥ አንዲት ፊደል አለች፦ «ኤል»። «ዝቅተኛ ነው» ለማለት ነው። ይህች ፊደል በሲቢሲ ወረቀት ላይ ከነጭ የደም ሴል ቁጥር አጠገብ ስትታተም ነገር ይጀመራል። ምርመራው ይደገማል። ኤችአይቪ ይታያል። «ለማንኛውም» ተብሎ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። አንዳንዱ የአጥንት መቅኔ ናሙና እስከ መስጠት ይደርሳል። ቤተሰብ ስለ ደም ካንሰር ማንሾካሾክ ይጀምራል። ሰውየው ግን ትኩሳት የለው፣ ቁስል የለው፣ ሥራውን እየሠራ የሚኖር ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

ፊደሏ የቆመችው በሁለት ግምቶች ላይ ነው። አንደኛው፣ የነጭ የደም ሴል ብዛት ሰውነት ኢንፌክሽንን የመዋጋት አቅሙን ይለካል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ሕዝብ የተወሰደ «ኖርማል» ቁጥር ለኢትዮጵያዊም ይሠራል የሚል ነው። ሁለቱም ስህተት መሆናቸው በሕክምናው ሳይንስ ከታወቀ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። የውጤት ወረቀቱ ግን ዛሬም እንዳልሰማ ነው።

🔹 ሲቢሲ የሚያውቀውና የማያውቀው

ነጭ የደም ሴሎች ብዙ ዓይነት ናቸው። ባክቴሪያና ፈንገስ ሲገቡ ቀድሞ የሚደርሰው ኒውትሮፊል የሚባለው ነው። ሥራው አራት ደረጃ አለው። ከደም ሥር ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የኬሚካል ምልክት እየተከተለ ኢንፌክሽኑ ወዳለበት ይሄዳል፤ ተህዋሲውን ይውጣል፤ የዋጠውን ይገድላል። የመጨረሻው ደረጃ ወሳኙ ነው። ሴሉ ኦክስጅንን ወደ መርዛማ ኬሚካል ቀይሮ በሆዱ በያዘው ተህዋሲ ላይ ይለቅበታል።

ይህ አዲስ እውቀት አይደለም። ኤሊ ሜችኒኮፍ በሲሲሊ ደሴት፣ መሲና ከተማ ላይ የባሕር ኮከብ እጭን በእሾህ ወግቶ ሴሎች እሾሁን ሲከብቡት ያየው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። በዚሁ መስክ ለሠራው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ሜችኒኮፍ ያየው የሴሎቹን ሥራ ነው፤ ቁጥራቸው ስንት እንደሆነ አልነበረም ጥያቄው።

ሲቢሲ ከአራቱ ሥራዎች አንዱንም አይመረምርም። የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ በዚያች ደቂቃ ከክንድ በተቀዳው ደም ውስጥ ስንት ሴል እንዳለ ይቆጥራል። ቆጠራው ይጠቅማል፤ ርካሽም ፈጣንም ነው። ነገር ግን «ስንት ናቸው?» ተብሎ የተገኘን መልስ «ይዋጋሉ ወይ?» ተብሎ ለተጠየቀ ጥያቄ ማቅረብ ሰውን ማሳሳት ነው። ይህ እንዲሁ የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ የሚያሳዩ ሁለት ማስረጃዎች አሉ፤ ሁለቱም በተቃራኒ አቅጣጫ የቆሙ ናቸው።

🔹 ሞልተው የማይገድሉ

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአሜሪካ ሐኪሞችን ግራ ያጋቡ ሕፃናት ነበሩ። ንፍፊታቸው ያብጣል፣ መግል ይይዛል፤ ይድናል ሲባል ሌላ ቦታ ይወጣል። ሳንባቸውና ጉበታቸው መግል ይቋጥራል። ደማቸው ሲቆጠር ግን ነጭ ሴላቸው ኖርማል ነው፤ እንዲያውም ከኖርማል በላይ ነው። አንቲቦዲያቸውም አልጎደለም። በወረቀት ላይ ምንም የሌለባቸው ልጆች በአልጋ ላይ እየሞቱ ነበር። በዚያ ዘመን የሕክምና መጽሔቶች በሽታው ሲጻፍ «ገዳይ» የሚለው ቃል የስሙ አካል ነበር።

ምስጢሩ የተፈታው ለሴሎቹ ሥራ ተሰጥቷቸው ሲታዩ ነው። በ1960ዎቹ ተመራማሪዎች የእነዚህን ልጆች ኒውትሮፊል ከባክቴሪያ ጋር በአንድ ቱቦ ውስጥ አደረጉ። ሴሎቹ ባክቴሪያውን ዋጡት፤ ሊገድሉት ግን አልቻሉም። ኦክስጅኑን ወደ መርዝ የሚቀይረው ኢንዛይም አይሠራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ቤነርና ናታን የተባሉ ሐኪሞች ይህንኑ በቀለም የሚያሳይ ምርመራ አሳተሙ። ኤንቢቲ የሚባለው ቢጫ ቀለም ከሴሎቹ ጋር ይቀላቀላል። የሚገድል ሴል ቀለሙን ጥቁር ሰማያዊ ያደርገዋል። መግደል የማይችል ሴል ላይ ቀለሙ አይለወጥም። ልዩነቱ በተራ ማይክሮስኮፕ ይታያል።

ዛሬ ይህ በሽታ ክሮኒክ ግራኑሎማተስ ዲዚዝ፣ ባጭሩ ሲጂዲ ይባላል። የሚመረመርበት ዋናው ዘዴም ዲኤችአር ነው። ሴሉ የመግደል ሥራውን ሲጀምር የሚያበራ ቀለም ይጨመርና ፍሎ ሳይቶሜትር በሚባል ማሽን በሺዎች የሚቆጠሩ ሴሎች አንድ በአንድ ይታያሉ። ማሽኑ የልጁን ሁኔታ ብቻ ሳይሆን የእናቱንም ይናገራል። አብዛኛው ሲጂዲ ከእናት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፍ ስለሆነ፣ የተሸካሚዋ እናት ደም ከሚሠሩና ከማይሠሩ ሴሎች ተቀላቅሎ ይታያል። ይህን ሁሉ የትኛውም ቆጠራ አይነግርም።

🔹 ጥቂት ሆነው የሚዋጉ

አሁን ወደ ሌላኛው ጫፍ። በብዙ የሕክምና መጻሕፍት የኒውትሮፊል ቁጥር በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ1,500 በታች ከሆነ «ኒውትሮፔኒያ» ይባላል፤ እንደ ጉድለት ይቆጠራል። ነገር ግን ከዚህ መስመር በታች ሆነው ዕድሜያቸውን በሙሉ በጤና የሚኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ። የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ጤነኛ ሰዎች ላይ ይህ መታየቱ ከ1940ዎቹ ጀምሮ በጽሑፍ ይገኛል። እስራኤል ውስጥም በየመን አይሁዶችና በኋላ በቤተ እስራኤላውያን ላይ ተጠንቶ ታትሟል። ቁጥራቸው ዝቅ ይላል፤ ኢንፌክሽን ግን ከሌላው ሰው በላይ አያጠቃቸውም። ኢንፌክሽን ሲመጣም ሴሎቻቸው ይነሣሉ፣ ሥራቸውን ይሠራሉ።

ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ተለየ። በቀይ የደም ሴል ላይ «ዳፊ» የሚባል ፕሮቲን አለ፤ እንደ ኤቢኦ ሁሉ እሱም የደም ዓይነት መለያ ነው። ከሁለቱም ወላጆቹ የተለወጠውን ጂን የወረሰ ሰው በቀይ ሴሉ ላይ ይህ ፕሮቲን አይኖርም፤ «ዳፊ-ነል» ይባላል። ፕሮቲኑ የቫይቫክስ ወባ ተህዋሲ ወደ ቀይ የደም ሴል የሚገባበት በር ስለሆነ፣ በሩ መዘጋቱ በአፍሪካ ለብዙ ትውልድ ጠቅሟል። ዝቅ ያለው የኒውትሮፊል ቁጥር ከዚያው ለውጥ ጋር አብሮ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ደግሞ ሴሎቹ የት እንደሚሄዱ አመለከተ። የዳፊ-ነል ሰው ኒውትሮፊሎች ከደም ወጥተው ወደ ሰውነት ክፍሎች በቀላሉ ይገባሉ። መቅኔው ደህና ነው፤ ሴሎቹም አሉ። ደም የተቀዳበት ሥር ውስጥ ብቻ ነው የሚያንሱት።

ስለዚህ በአንድ በኩል ሴሉ ሞልቶ የማይገድል ልጅ «ኖርማል» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሸኛል። በሌላ በኩል ሴሉ በሚገባ የሚዋጋ ጤነኛ ሰው «ዝቅተኛ» ተብሎ በሽተኛ ይደረጋል። አንድ ወረቀት በሁለቱም ላይ የተሳሳተ ፍርድ ይሰጣል።

🔹 ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

«ምን ቸገረ፣ አንድ ፊደል ናት» የሚል ይኖራል። ፊደሏ ግን በር ትዘጋለች።

ክሎዛፒንን እንመልከተው ቢባል፣ ሌላ መድኃኒት ላልሠራለት ስኪዞፍሬኒያ የተሻለ የሚባለው መድኃኒት ይህ ነው። በጥቂት ሰዎች ላይ ኒውትሮፊልን ክፉኛ ያወርዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ፊንላንድ ውስጥ ሰዎች በዚህ ሳቢያ ሞተዋል። ስለዚህ የደም ቆጠራ ግዴታ ሆነ። አሜሪካ ውስጥ መድኃኒቱን ለመጀመር ቢያንስ 2,000 ኒውትሮፊል ያስፈልግ ነበር። ዳፊ-ነል የሆነ ሰው ግን መድኃኒቱን ሳይቀምስ ከመስመሩ በታች ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይህን ተቀብሎ ለእነዚህ ሰዎች መነሻውን ወደ 1,000 ያወረደው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። እስከዚያ ድረስ አእምሮውን የሚመልስለት መድኃኒት በቁጥር ምክንያት የተከለከለው ሰው ስንት እንደሆነ የቆጠረ የለም።

ኬሞቴራፒም እንዲሁ ነው። ቀጣዩ ዙር ከመሰጠቱ በፊት ኒውትሮፊል ይቆጠራል፤ ካነሰ ቀጠሮው ይገፋል ወይም መጠኑ ይቀነሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 በጡት ካንሰር ታማሚዎች ላይ የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ጥቁር ሴቶች ሲጀምሩም ነጭ ሴላቸው ዝቅ ያለ እንደነበርና ሕክምናቸው ለመጨረስ ረዘም ያለ ጊዜ እንደወሰደ አሳይቷል። ኬሞ ዘገየ ማለት ካንሰሩ ጊዜ አገኘ ማለት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር የጡት ካንሰር ነው። ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ ድረስ መጥታ፣ ዘመድ ቤት ተጠግታ ወረፋ የጠበቀች እናት «ደምሽ አንሷል፣ ሌላ ቀን ነይ» ስትባል፣ ያነሰው ከመድኃኒቱ የተነሣ ይሁን ወይስ ሲወለድ ጀምሮ የነበረ መጠኗ የሚለይላት ማን ነው? መልሱን ለማግኘት ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የነበረውን ቁጥሯን ማየትና የዳፊ ዓይነቷን ማወቅ ይበቃ ነበር።

ሦስተኛው በር የመድኃኒት ሙከራዎች ናቸው። ብዙ የክሊኒካል ሙከራዎች ለመሳተፍ ዝቅተኛ የኒውትሮፊል መጠን ያስቀምጣሉ። ዳፊ-ነል የሆነ ሰው በር ላይ ይቀራል። መድኃኒቱ እሱን በሚመስሉ ሰዎች ላይ ሳይሞከር ይጸድቃል፤ ከዚያም ለእሱው ይሸጣል።

🔹 የተበደረ ቁጥር

ከወረቀቱ ጥግ ላይ የሚታተመው «ኖርማል» መጠን ከየት መጣ? በብዙ ቦታ ከማሽኑ ጋር መጣ፣ ወይም ከመማሪያ መጽሐፍ ተገለበጠ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሏል ይህ ነው። ሀገሪቱ የራሷ ጥናት አላት። በኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ሥር የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ጥናት የአዋቂ ኢትዮጵያውያንን የደምና የመከላከያ ሴሎች መጠን ለክቶ አቅርቧል። የጤነኛ ኢትዮጵያውያን ሲዲ4 ከሆላንዳውያኑ ዝቅ ያለ እንደሆነ ያኔ ታውቋል። ከዚያ ወዲህ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና ከሌሎች ቦታዎች ተመሳሳይ ጥናቶች ወጥተዋል። የኢትዮጵያ ተመራማሪ የድርሻውን ሠርቷል። ሥራው መጽሔት ላይ ቀረ፤ ወደ ማተሚያው አልደረሰም።

ለመድረስ የሚያስፈልገው ደግሞ ቢሊዮን ብር አይደለም። በዓለም አቀፉ የላቦራቶሪ መመሪያ መሠረት፣ አንድ ላቦራቶሪ ከሌላ የወሰደው መጠን ለሚያገለግለው ሕዝብ ይሠራ እንደሆነ ለማረጋገጥ የ20 ጤነኛ ሰዎች ደም ይበቃዋል። ከሃያው ከሁለት በላይ ሰዎች ከመስመሩ ውጭ ከወጡ መጠኑ እንደገና ይታያል። የራስን መጠን ከመሠረቱ ለማውጣት የሚመከረው ደግሞ 120 ጤነኛ ሰው ነው። አንድ ትልቅ ሆስፒታል ሃያ ጤነኛ ሰው ከራሱ ሠራተኞች መካከል በአንድ ጠዋት ያገኛል። ታዲያ ለምን አይደረግም? የሚጠይቅ ስለሌለ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ሕዝብ በሰው ቁጥር እየተመዘነ ዝም ይላል።

🔹 የሚነሡ መቃወሚያዎች

የመጀመሪያው መቃወሚያ ከሐኪሞች ይመጣል፤ ክብደትም አለው። «ዝቅ ያለ ቁጥርን ችላ ካልን ካላዛር ያመልጠናል፣ ኤችአይቪ ያመልጠናል፣ የደም ካንሰር ያመልጠናል» ይላሉ። እውነት ነው። በሁመራና በመተማ ቆላ ሠርቶ ትኩሳት ይዞት፣ ጣፊያው አብጦ የመጣ ወጣት ነጭ ሴሉ ቢያንስ ካላዛር መጠርጠር ግድ ነው። ማንም ችላ ይባል አላለም። የታመመን ሰው ዝቅተኛ ቁጥር መመርመር አንድ ነገር ነው፤ ጤነኛን ሰው በቁጥር ብቻ በሽተኛ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። እንዲያውም «ኤል» በየወረቀቱ ላይ በበዛች ቁጥር ሐኪሙ ይለምዳታል፤ ካላዛሩ የሚያመልጠው ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ቀላል መፍትሔ ይመስላል። «እንግዲያው ለኢትዮጵያዊ ሁሉ መስመሩን ዝቅ አድርጎ መገላገል» ይላል። ይህም አያዋጣም። ኢትዮጵያውያን ሁሉ ዳፊ-ነል አይደሉም። ቫይቫክስ ወባ በሀገሪቱ በሰፊው መኖሩ ራሱ ብዙ ሰው ፕሮቲኑ እንዳለው ይናገራል። ከክልል ክልል፣ ከወንድም ወንድም ይለያያል። መስመሩ ለሁሉም በጅምላ ቢወርድ፣ ፕሮቲኑ ያለውና በእርግጥ ቁጥሩ የወረደበት ታማሚ ተደብቆ ይቀራል። የአሜሪካው አሠራርም ለብዙ ጊዜ ሐኪሙ በሽተኛውን በዘሩና በቆዳ ቀለሙ እንዲገምት ያደርግ ነበር። ቆዳ ግን የደም ዓይነት አይናገርም። የዳፊ ዓይነት በደም ባንክ ቴክኖሎጂ የሚለይ ነው፤ ኤቢኦ እንደሚሠራው ሁሉ ደሙን ከመለያው ፈሳሽ ጋር አገናኝቶ ማየት ነው። በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል፤ አይለወጥም።

ሦስተኛው መቃወሚያ የገንዘብ ነው። «ሕዝቡ ሲቢሲ እንኳ በቅጡ ሳያገኝ የሴል ሥራ ምርመራ ቅንጦት ነው፤ ሲጂዲ ደግሞ ብርቅ በሽታ ነው» ይባላል። ብርቅ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ200,000 ወሊድ አንድ ገደማ ነው የሚገመተው። በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃን በሚወለድበት ሀገር ግን መጠኑ ተመሳሳይ ቢሆን በየዓመቱ 15 ልጅ ማለት ነው። እነዚህ ልጆች ሆስፒታል አይመጡም ማለት አይደለም። ይመጣሉ፤ ደጋግመው ይመጣሉ። መግላቸው ይፈሳል፣ አንቲባዮቲክ ይቀየራል፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ይጀመርላቸዋል። በተወለዱ በቀናት ውስጥ የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት ሕያው ተህዋሲ ስለሆነ በሲጂዲ ልጅ ላይ ራሱ በሽታ ሊሆን ይችላል። ብብቱ ሥር ያበጠው ንፍፊት የመጀመሪያው ምልክት ሊሆን ይችላል። ሲቢሲው ግን «ኖርማል» ነው የሚለው።

የሚያሳዝነው መድኃኒቱ እዚሁ ሀገር ውስጥ መኖሩ ነው። የሲጂዲ ልጅ በየቀኑ ከሚወስዳቸው መከላከያዎች ዋናው ኮትሪሞክሳዞል ነው፤ ኤችአይቪ ላለባቸው ሰዎች በየጤና ጣቢያው ለዓመታት ሲታደል የኖረው ያው ርካሽ ኪኒን። ከእሱ ጋር ፈንገስን የሚከላከል ኢትራኮናዞል ይሰጣል። መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ልጁ የሚሞተው፣ ማዘዣ ወረቀቱ ላይ «ይገድላል ወይ?» የሚል ሳጥን ስለሌለ ነው። የኤንቢቲ ምርመራ ማይክሮስኮፕ፣ ቀለምና የሠለጠነ ዓይን ይፈልጋል። ደሙ ትኩስ መሆን አለበት፤ የአንድ ጤነኛ ሰው ደም በተመሳሳይ ቀን ጎን ለጎን መሠራት አለበት። ይህ ጥንቃቄ እንጂ ቅንጦት አይደለም። ለሲዲ4 ቆጠራ ተብለው ወደ ትልልቅ ላቦራቶሪዎች የገቡ ሁለገብ ፍሎ ሳይቶሜትሮችም ዲኤችአርን መሥራት የሚችሉ ናቸው። ኤችአይቪ የተገኘበት ሁሉ ሲዲ4 ሳይጠበቅ ሕክምና ይጀምር ከተባለ ወዲህ የእነዚህ ማሽኖች ሥራ ቀንሷል።

🔹 የሚጠየቀው

ከጤና ሚኒስቴርና ከኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚጠበቀው ተአምር አይደለም። ሦስት ነገር ነው።

አንድ፤ የደም ውጤት የሚያትም ላቦራቶሪ ሁሉ «ኖርማል» የሚለው መጠን ከየት እንደመጣና በኢትዮጵያውያን ላይ መቼ እንደተረጋገጠ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ያላረጋገጠ በሃያ ሰው ያረጋግጥ።

ሁለት፤ ጤነኛ ሆኖ ኒውትሮፊሉ ደጋግሞ ዝቅ ያለ ሰው፣ በተለይም ኬሞ ወይም ነጭ ሴልን የሚቀንስ ሌላ መድኃኒት ሊጀምር የተዘጋጀ፣ መቅኔው ከመወጋቱና ሕክምናው ከመገፋቱ በፊት የዳፊ ዓይነቱ ይታይ።

ሦስት፤ መግል ደጋግሞ የሚይዘው፣ ቢሲጂው የተበላሸበት ወይም ወንድሙ በተመሳሳይ ሕመም የሞተበት ልጅ፣ ቆጠራው ኖርማል ነው ተብሎ እንዳይሸኝ። የሴሉን ሥራ የሚመረምር ቢያንስ አንድ ሪፈራል ማዕከል ይታወቅ፤ ስሙም በየሆስፒታሉ ይለጠፍ።

እስከዚያው ድረስ የውጤት ወረቀት በእጁ የያዘ ሰው አንድ ጥያቄ ለሐኪሙ የማቅረብ መብት አለው፦ «ይህ ዝቅተኛ የተባለው ከማን ዝቅ ብሎ ነው?» ጥያቄው ነውር የለበትም፤ ሐኪምን መናቅም አይደለም። ጥሩ ሐኪም ይህ ጥያቄ ሲቀርብለት ወረቀቱን ትቶ ወደ ሰውየው ይመለከታል።